የይሉኝታ ምጣኔ ሀብት፦ በስታዲየም በር ላይ ስለሚሸጥ የአማርኛ ልብ ወለድ የቀረበ ጥናት

የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ፣ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀው በዓል ብዙ ሊጠና የሚገባው ነገር አለው። ስለ እግር ኳሱና ስለ ሙዚቃ ድግሱ ሌሎች ይጻፉ። ይህ ጥናት የሚመለከተው ከስታዲየሙ ውጭ፣ በክትፎ ቤቱ ድንኳንና በሀበሻ ልብስ መሸጫው መካከል የተዘረጋችውን አንዲት ታጣፊ ጠረጴዛ ነው። ከጠረጴዛዋ ኋላ በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ ያሳተመ ደራሲ ቆሟል። አጥኚውና ደራሲው አንድ ሰው መሆናቸው የጥናቱን ገለልተኝነት አይነካም ተብሎ ታምኗል።

አስቀድሞ ጥቂት ስለ ጥናቱ ዳራ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል የታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ነው። ስለዚህ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ የማጓጓዣ ዕዳ ይዞ ተወልዷል። ዛሬ አቅጣጫው ተገልብጦ ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ገዢው ደግሞ (ካለ) ዳላስ ወይም ሲያትል ሆኗል። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 400 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 23 ኪሎ የሚፈቀድላት ሻንጣ 50 ያህል ትይዛለች። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን መንገደኛው የማንንም በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ አላደርስም ካለ ነው። እንዲህ ያለ መንገደኛ በጥናቱ ሂደት አልተገኘም።

ወደ ጠረጴዛዋ የቀረበ ሁሉ በናሙናነት ተመዝግቧል። አብዛኛው የቀረበው መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ለመጠየቅ ቢሆንም፣ ጥያቄውን ያቀረበው መጽሐፉን ይዞ ስለሆነ ከናሙናው አልተሰረዘም።

በአማርኛ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዋጋ ይታተማል፤ አንዱ በብር፣ አንዱ በዶላር። የዚህ ልማድ ጉዳት በቅርብ ታይቷል። ጎብኚው መጽሐፉን ያነሣል፣ በእጁ መዘን ያደርገዋል፣ ይገለብጠዋል። የደራሲውን ፎቶ ያያል፣ ደራሲውን ያያል፣ ፎቶውን ደግሞ ያያል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ «400 ብር» የሚለው ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ «20 ዶላር» የሚለው ላይ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እያካፈለ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ስሌት ደራሲውን ክፉኛ ጎድቶታል፤ ቀድሞ 7 ዶላር ይመጣ የነበረው ዛሬ 4 አይሞላም። «አገር ቤት አራት ዶላር አይሞላም ማለት ነው» ይላል፣ ለወቀሳ ሳይሆን ደራሲው ሳያውቅ ቀርቶ እንደሆነ ብሎ። መጽሐፉንም በክብር ወደ ቦታው ይመልሳል። ይኸው ሰው ወዲያው ከጎናችን ባለው ድንኳን ክትፎ ሲያዝዝ ታይቷል። የክትፎውን የአገር ቤት ዋጋ አላካፈለም።

የሥነ ጽሑፍ ውይይትም አልተቋረጠም። የልብስ መሸጫው የድምፅ ማጉያ ትንሽ ስለሚበረታ ውይይቱ የሚከናወነው በጩኸት ነው። «ስለምንድን ነው መጽሐፉ?» «ስለ ብቸኝነት!» «ስለ ምን?» «ስለ ብቸኝነት ነው!» ለክትፎው ሰልፍ የያዙት ሁሉ ዞረው ደራሲውን በሐዘኔታ ተመለከቱት። አንዲት እናት «አይዞህ ልጄ» ብለው አንድ ቅጂ ገዙ። ይህ ሽያጭ በየትኛው ዘርፍ እንደሚመደብ እስካሁን አልተወሰነም።

ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። መጽሐፍ የሚሸጠው በይዘቱ ወይም በሽፋኑ ሳይሆን በሰላምታው ርዝመት ነው። «እንደምን ዋልክ» ብሎ የሚያልፍ አይገዛም። ቆሞ የት ሰፈር እንዳደግን የሚጠይቅ ግን አደጋ ላይ ነው። «ጉለሌ» ሲባል «እነ እገሌን ታውቃቸዋለህ?» ይላል፤ ካወቅናቸው ነገሩ አለቀ፣ እጁ ወደ ኪሱ ይገባል። በዚህ ደረጃ መጽሐፉን ማየት አያስፈልገውም፤ አንዳንዱ በእርግጥም አላየውም። የሚከፍለው ዋጋ ሳይከፍል ቢሄድ ይሰማው የነበረው ሐፍረት ዋጋ ነው። ትውውቁ ከልክ ሲያልፍ ግን ሕጉ ይገለበጣል፦ የአክስት ልጅ ሆኖ የተገኘ ሰው አይከፍልም፤ ማስከፈልም ነውር ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ልብ ወለድ ተስማሚው ገዢ ከጉርብትና ያላነሰ፣ ወደ ዝምድና ያልደረሰ ነው ብሎ ጥናቱ ይደመድማል። ደራስያን ሰላምታውን የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው መሠልጠን ይገባቸዋል።

ሌሎቹ ግኝቶች አነስ ያሉ ናቸው። «እኔ እኮ ታሪኬ ራሱ መጽሐፍ ይወጣዋል» የሚል ሰው ከልደቱ ጀምሮ እስከ ግሪን ካርዱ ይተርካል፤ አይገዛም፣ ግን እንድንጽፈው ይፈቅድልናል። መጽሐፉን በፒዲኤፍ ስልኩ ላይ አንብቦ እንደወደደው የሚናገረው ደግሞ ፎቶ አብሮን ይነሣል፣ ሁለተኛው ክፍል መቼ እንደሚለቀቅ ይጠይቃል። «ፍቅር እስከ መቃብርን» ያነበበው፣ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሌላ መታተሙን ሰምቶ ከልቡ ይደነቃል። ለዘጠኝ ዓመት ልጇ «አማርኛ ይማርበታል» ብላ የገዛችም አለች። ልብ ወለዱ ስለ ውሽምነት ነው። ደራሲው ይህን ሊናገር አስቦ 20 ዶላሯን ተመለከተና የወላጅን መብት አከበረ።

ከወዲያ ማዶ ጠረጴዛ የዘረጋ ሌላ ደራሲም ነበር። ጠዋት እሱ የእኛን ገዛ፤ ከሰዓት በኋላ እኛ የእሱን በዚያችው 20 ዶላር ገዛን። ሁለታችንም በዕለቱ ሽያጭ እንደነበረ መዝግበናል።

የመጨረሻው ጉዳይ ፊርማ ነው። ደራሲው «ለውድ እህቴ ለአልማዝ» ብሎ ከፈረመ በኋላ ገዢዋ ቦርሳዋ መኪና ውስጥ መቅረቱን ታስታውሳለች፤ «መጣሁ» ብላ ትሄዳለች። ጎል ገብቶ ሕዝቡ ወደ ስታዲየሙ ሲተምም አብራ ትሰወራለች። የተፈረመችው ቅጂ ሌላ አልማዝ እስክትመጣ ከከተማ ከተማ ትጓዛለች። ለአልማዝ የተፈረመ መጽሐፍ ውሎ አድሮ ይሸጣል፤ ስሙ ብርቅ ለሆነ ሰው የተፈረመው ግን ንጹሕ ኪሳራ ነው።

ስለሆነም ለአንባቢ የምናቀርበው አንድ ማሳሰቢያ ነው፦ እባክዎ ስምዎን ከመንገርዎ በፊት ይክፈሉ። በስልክ በዜል (Zelle) የሚላክ ክፍያም እንቀበላለን።