የነፃ ፍሬን ሊቃውንት

ዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤስ የሚል ቢጫ መብራት ሲበራ የድሬዳዋው የሳቢያን ሰፈር የጋራዥ ሊቃውንት አይደናገጡም። ፊውዙን ይነቅላሉ። ፊውዙ ተነቅሎም መብራቱ አልጠፋም ካለ አምፖሉንም ያወጡታል። መኪናው ዳነ።

መኪናው አሮጌ የስፖርት መኪና ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጥገና መሆኑ ቀርቶ ፍልስፍና ይሆናል። ቦሽ ከመርሴዲስ ጋር በ1978 (እንደ ፈረንጆቹ) በኤስ ክላስ ላይ ያወጣው ኤቢኤስ የተባለው የፍሬን መሣሪያ የእያንዳንዱን ጎማ መሽከርከር ይከታተላል፤ ጎማው ሊቆለፍ ሲል የፍሬኑን ግፊት በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቃል፣ ይይዛል፤ መኪናው ሳይንሸራተት መሪውን እንዲታዘዝ። ለአንድ ጎበዝ ሾፌር ከዚህ የከፋ ስድብ አለ? እግር የተፈጠረው ለምንድን ነው?

ማስረጃም አለ፤ የድሬዳዋን ሰው ስንት ዘመን ያመላለሰችው ፔጆ 404 ኤቢኤስ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። (የደንገጎን ተራራ ቁልቁል እንደ ስፖርት መኪና የሚያስወረውራት ባለቤትም አልነበራትም፤ ግን በዝርዝር አንጨቃጨቅ።)

እኔ እንዲያውም ሥራው በጅምር መቅረቱ ነው የቆጨኝ። ቀበቶው ደረት ይጫናል፣ ይውጣ። የሙቀት መለኪያው ድሬ እንደምትሞቅ ሊነግረን ነው? ይውጣ። የጎን መስታወት ያለፍነውን ብቻ ያሳያል። ፍሬኑስ ራሱ ቢሆን፣ ለፍጥነት የተገዛን መኪና ከማዘግየት በቀር ምን ረባን?

ይህን ሐሳብ ለአንዱ ሊቅ አቀረብኩለት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አሰበ።

«ይቻላል ወንድሜ፤ የእሱ ሒሳብ ግን ለብቻው ነው።»