ዘንግ ገዝቶ ትል የሚጸየፍ

የልጅ ልጄ ባለፈው ጥቅምት ረጅም ጥቁር ቱቦ በትከሻው ተሸክሞ በሩን ሲያንኳኳ፣ የውሃ ሠራተኛ መስሎኝ ሮጬ ከፈትኩ። መሮጤን ጉልበቴ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኛ ሲ.ኤም.ሲ. ሚካኤል አካባቢ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፤ ቱቦ የያዘ ሰው ባየን ቁጥር ልባችን ይዘላል። የለገዳዲ ግድብ ከአያት ወዲያ በሰንዳፋ መንገድ ተንጣሎ ተኝቷል፤ እኛ እዚህ ጀሪካን እንደረድራለን። ይሁን፤ የዛሬ ብሶቴ ሌላ ነው። የውሃው ብሶት ተራውን ይጠብቅ፤ ፈረቃ ለምዷል።

ልጁ ቱቦውን ከፈተው። ውስጡ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው።

«አባባ፣ ባስ ላጠምድ ነው» አለኝ።

«በባስ ከሄድክ ትደርሳለህ፤ ቅዳሜ ግን ወረፋው ረጅም ነው» አልኩት።

«በባስ አይደለም፤ ባስ ዓሣ ነው።»

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሳሽከረክር ኖሬያለሁ። የሞያሌን መንገድ ጉድጓዱን በስሙ እጠራው ነበር። መኪናዬ ቆቃ ላይ ተሰብሮ፣ ዝዋይ ላይ ተሰብሮ፣ ላንጋኖ ላይ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ስጠብቅ ነው ዓሣ ማጥመድ የተማርኩት። የሞተሩ ድካም ያስተማረኝ ሙያ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ባስ የሚባል ዓሣ አይቼ አላውቅም።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አንድ አሜሪካዊ ከድሮ መኪናዬ የሚበልጥ ሞተር የተገጠመለት ጀልባ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ዓሣውን ያወጣል፣ ከፍ አድርጎ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ ግንባሩን ይስመዋል፣ ከዚያ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ስሞ መለሰው! ይህን ያህል ነዳጅ አቃጥሎ የሄደው ለሰላምታ ነው እንዴ? ልጁ «ካች ኤንድ ሪሊዝ ይባላል» አለኝ። በእኛ ጊዜ ዓሣው ካመለጠ እናፍር ነበር፤ አሁን ስም ወጥቶለታል።

ዓሣው ራሱ ግን ሞኝ አይደለም። አፈ ሰፊ አዳኝ ነው። ሣር ውስጥ ወይም የወደቀ ግንድ ሥር ተደብቆ ይጠብቃል፤ ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት ስታልፍ ብድግ ብሎ ይውጣታል። ስለዚህ አሜሪካኖቹ የሚጥሉት ማታለያ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ፣ ከእንጨት የተቀረጸ ዓሣ፣ የጎማ ትል። ዘዴው ለዚያ ዓሣ ትክክል ነው። ዝዋይ ዳር ባስ መጠበቅ ግን ሲ.ኤም.ሲ. የባቡር ፌርማታ ላይ ቆሞ መርከብ እንደመጠበቅ ነው።

«የጎማ ትል» ያልኩትን አላለፋችሁትም መቼም። አክስቱ ከአሜሪካ በዶላር ገዝታ ላከችለት። ሐምራዊ ነው፤ ጅራቱ ያብረቀርቃል፤ ሽታው የከረሜላ ነው። የኛ ጓሮ፣ ከጎመኑ ሥር፣ በነጻ በትል ተሞልቷል። አንዷን ቆፍሬ መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ወንዱ ልጅ ጮኸ። ጓንት ጠየቀኝ። ዘንግ ገዝቶ ትል የሚጸየፍ ትውልድ ወለድን።

የመንጠቆውንም ነገር ልንገራችሁ። ሳጥኑን ሲከፍት ከ10 ቁጥር እስከ 4/0 ተደርድሯል። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ ያስፈልጋልና «ትንሹን አምጣ» ስለው 2 ቁጥር አቀበለኝ። አልፈረድኩበትም። መንጠቆ ሲቆጠር ቁጥሩ ባደገ መጠን ብረቱ ያንሳል፤ 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያነሰ ነው። ወደ 1 ሲደርስ ደግሞ ሐሳቡን ይለውጥና 1/0፣ 2/0 እያለ ወደ ላይ ያድጋል። ይህን የፈጠረው ሰው በሕይወት ካለ የሚጠየቅ ነገር አለው።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወደ ዝዋይ እንነሳ አልኩት። ዓሣ የሚበላው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ዝዋይ ላይ ደግሞ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ ክሩን ያወናብዳል። ልጁ የተነሳው 2 ሰዓት ላይ ነው። ቁርስ አለ፣ ቡና አለ፣ ፎቶ አለ። በጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወርደን፣ በፍጥነት መንገዱ ሞጆ ደርሰን፣ ቆቃንና መቂን አልፈን ሐይቁ ዳር ስንቆም ረፋዱ ሊያልቅ ነው። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን የደረስነው ዓሣው ቁርሱን በልቶ ሲተኛ ነው።

ልጁ ዘንጉን ገጣጥሞ ከጀርባው ወርውሮ የጎማውን ትል ወደ ማዶ ላከው። እንዲህ የሚወረውረው ደሴቶቹ ላይ ያሉትን ሰዎች ሊመታ ነው? የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 9 ሜትር ገደማ ነው። ቆሮሶ የሚውለው ዳር ዳሩን፣ ቄጠማና ደንገል አካባቢ ነው። ከአፍንጫው ሥር ያለውን ትቶ ወደ ሩቅ የሚወረውር ሰው ዓሣ አያገኝም፤ ሌላም ነገር አያገኝም፤ ይህ ግን የዓሣ ጽሑፍ ነው።

ሲጎትተው ከበደ። «ባስ!» ብሎ ጮኸ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ የእኔ ልጅ ያወጣው የግራ እግር ነጠላ ጫማ ነው። አልሳቅኩም። አስም ስላለብኝ ነው የተንፈራፈርኩት።

የእኔን ዕቃ ላሳያችሁ። ክሬ የተጠቀለለው በባዶ ሃይላንድ ላይ ነው። ክብደቴ የዛገ ዳዶ ነው፤ ካንዴላም ይሆናል። ተንሳፋፊዬ ከዚያው ከነጠላ ጫማ የተቆረጠች ቁራጭ ናት፤ ልጁ ላወጣው ዕቃ አመስግኜዋለሁ። ቆሮሶ አዳኝ አይደለም፤ ካደገ በኋላ ዋና ምግቡ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ደቂቅ አረንጓዴ ነገር ነው። የጎማ ትል ቢዞርበት «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ የትል ቁራጭ ወይም ሊጥ ግን ይሞክራል። ሊጡ ውሃ ውስጥ እንዳይሟሟ ጥቂት ጥጥ አብራችሁ እሹት። ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ አትጎትቱ፤ እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰምጥ ክሩን ረጋ ብላችሁ ከፍ አድርጉ። የጀርባው እሾህ ይወጋል፤ ከራሱ ወደ ጅራቱ በመዳፋችሁ አስተኝታችሁ ያዙት።

ሱሪ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ መግባትም ክልክል፤ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። አንደኛው ቀስ ብሎ፣ ሁለተኛው በአንዴ ነው።

ቋጠሮን በተመለከተ ልጁ የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮ ነበር የቋጠረው። ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሾልኩት፤ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙት፤ ጫፉን ዓይኑ አጠገብ በቀረችው ቀዳዳ መልሳችሁ አስገቡ፤ ከዚያ በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቃል፤ የሞቀ ናይሎን ይደክማል፤ ትልቁ ዓሣ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ በደከመው ላይ ነው።

የዘንጉ ክር ማጠንጠኛም ፍሬን አለው። ልጁ እስከ መጨረሻው አጥብቆት ነበር። ልጄ፣ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የያዘ ሹፌር ታች ሲደርስ ፍሬን የለውም። ክሩ ከሚችለው ኃይል ሲሶ ላይ አላላው፤ ዓሣው ሲሮጥ ክር ይስጠው፣ ሲደክም ሰብስብ። ይህን ስነግረው «የሚገርም ነው፣ ሰውየውም እንዲህ ነው ያለው» አለኝ። ስልክ ውስጥ ካለ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ስናገር ብቻ ነው የምታመነው።

እስከ 10 ሰዓት እኔ አንዲት ቆሮሶ ያዝኩ። ከመዳፌ ታንሳለች። ድሮ እንዲህ ያለውን ለድመት እንኳ አናቀርብም ነበር፤ ዛሬ መረቡ በዝቶ ዓሣው ሳያድግ ይወጣል። አፏን ስከፍት ጫጩቶቿ ውስጥ ነበሩ። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንና ልጆቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ በዚያን ጊዜ አትበላም፤ መንጠቆው የያዛት ጎኗን ነው። መለስኳት። ልጁ «አባባ! ካች ኤንድ ሪሊዝ!» ብሎ አጨበጨበ። አልሳምኳትም፤ ይመዝገብልኝ።

ሲመሽ ወደ አምባዛ ዞርን። አምባዛ በዓይኑ ሳይሆን በስምንት ጢሙ ነው የሚያየው፤ በጨለማና በደፈረሰ ውሃ ጌታ ነው። ላንጋኖን የመሰለ ቡናማ ውሃ ላይ ቀይ ይሻላል ሰማያዊ ብሎ መጨቃጨቅ ከንቱ ነው፤ መሽተት አለበት። ባለቤቴ ለመስቀል ዶሮ ስታወጣ የጣለችውን አንጀት በአይስክሬም ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ደብቄ አቆይቼ ነበር። ዕቃውን የከፈተ እንግዳ ነበረ፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ወፍራም ክር፣ 3/0 መንጠቆ፣ ሁለት ዳዶ፣ አንጀት፤ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ዝም ማለት። ሲነካካ አትጎትት፤ ይዞ ይሂድ፣ እስከ አምስት ቁጠር፣ ከዚያ።

ልጁ እስከ አምስት ቆጠረ። ያዘ! ክንድ የሚያህል አምባዛ። ያየሁትን ደስታ አልደብቅም፤ ያ ልጅ ስልኩን ለማንሳት እንኳ ረሳ።

የዘንጉና የማታለያው ጉዳይ ግን ፈጽሞ ከንቱ ነው አላልኩም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ባስ እንደሚያደርገው ተደብቆ የሚያጠቃ አዳኝ ከፈለገ ወደ አርባ ምንጭ ይውረድ፤ ጫሞና ዓባያ ውስጥ ናይል ፐርች አለ። ጋምቤላም ባሮ ወንዝ ውስጥ አለ። ዓሣ ነው የሚበላው፤ ድንጋይና ሣር ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ የእንጨት ዓሣውን አይቶ ይመጣል። ክሩ ግን እጥፍ ይወፍር፤ ይህ ዓሣ ሲያድግ ከሰው ክብደት ይበልጣል። ከዳር ራቅ ብሎ ይቁም፤ ጫሞ ላይ አዞውም አጥማጅ ነው። ጣና ላይ ናይል ፐርች የለም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከልክሎታል። በምትኩ ነጭ ዓሣ አለ፤ ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ዓሣ በል ስለሆኑ የምታብረቀርቀውን ቆርቆሮ ያሳድዳሉ። ነሐሴና መስከረም ወደ ወንዞቹ ወጥተው ዕንቁላል ሲጥሉ ግን ተዋቸው። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በትኖ ዓሣ ማስከር የድሮ ነውር ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ ሕግም አለው።

በዚያው ሌሊት ልጁ የባስን የዓለም ክብረ ወሰን ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ድኻ ገበሬ 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ባስ ያዘ። ከጓደኛው ጋር አንድ ዘንግ ነበራቸው፤ በተራ ነው የሚወረውሩት። ዓሣውን አስመዝኖ ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በላው። ይህ ነው ሰው! አንድ ዘንግ ለሁለት፣ ዓሣው ወደ ድስት። የኛ ልጅ አራት ዘንግ አለው።

አምባዛው ትንፋሹ ከአየርም ስለሆነ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ሲ.ኤም.ሲ. ድረስ በሕይወት ደረሰ። ባለቤቴ ጆንያው ሲንቀሳቀስ አይታ ስመ እግዚአብሔር ጠራች። ስትከፍተው ደግሞ ባሰ። ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እሷ ቤት አይገባም፤ ይህን አርባ ዓመት አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ መቂ ላይ ከመንገድ ዳር ቆሮሶ ገዝቼ ነበር።

«ይሄኛውን እኔ ነኝ ያጠመድኩት» አልኳት።

ፌስታሉን ገልጣ አየች። «ቆዳውን ገፍፈህ፣ አጥንቱን አውጥተህ ነው ያጠመድከው?»

ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባላል። ስለ ዓሣ የማውቃቸው ተረቶች ሁሉ ስለ ብልሃት፣ ስለ ዘንዶና ስለ ግማት ይናገራሉ፤ ስለ ካርቦን ዘንግ የሚናገር አንድም የለም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ዘንግ ከመግዛታችሁ በፊት ዓሣው ምን እንደሚበላ፣ የትና መቼ እንደሚበላ ጠይቁ። ቆሮሶ ከሆነ ሊጥ፣ አምባዛ ከሆነ አንጀት፣ ናይል ፐርች ከሆነ ያኔ ዶላራችሁን አውጡ።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ጓሮ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ልጁ ከጎመኑ ሥር ተንበርክኮ ትል ይቆፍራል። ጓንት አላደረገም። የሚቆፍረው ግን በባለቤቴ የስኳር ማንኪያ ነው፤ ጥፋቱ በእኔ ላይ ተላክኳል። አንባቢዎቼ፣ ትል ካማራችሁ ብቅ በሉ፤ በነጻ ነው። ማንኪያ ግን ይዛችሁ ኑ።