ማማ ላይ ውጣ

የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች «ዓለሙ ክፍት ነው፣ እንዳሻህ ሁን» ይሉሃል። ደስ ሲል! እግርህን ከማንሳትህ ግን መጀመሪያ ማማ ላይ ውጣ ትባላለህ። ስትወጣ ካርታው ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ በምልክት ይሞላል፤ እዚህ ሣጥን፣ እዚያ ላባ፣ ከወንዙ ማዶ ያው የትናንቱ የሽፍታ ሰፈር። እ.ኤ.አ. በ2007 «አሳሲንስ ክሪድ» የተባለው ጌም ሲመጣ ማማው ብርቅ ነበር። ዛሬ እኔ ጀግና ሳልሆን ለቆጠራ የተላክሁ የቀበሌ ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ወጥቼ፣ ሌላ ሥራ!

ለሐቀኝነቱ «ዜልዳ» የተባለውን ተከታታይ ጌም አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ክፍሉ፣ በ«ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ»፣ 900 የኮሮክ ፍሬዎች በየድንጋዩ ሥር፣ በየዛፉ ጫፍ ተደብቀዋል። አንድ ሳያስቀር ለቅሞ ለጨረሰ ታታሪ የሚሰጠው ሽልማት ሰምና ወርቅ ነው፦ ቀለሙ ወርቅ፣ ቅርጹ ዓይነ ምድር።