የጭቃው ቤት እንዳይፈርስ
(ከሪያድ የተላከ ደብዳቤ)

ይድረስ ወሎ ለሚገኙት ለተከበሩ አባባ፤

ላኪው ልጅዎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጤና አለ። ቀጥሎ የሰፈረው ሐተታ አሮጌውን የጭቃ ቤት አፍርሶ በብሎኬት ለመሥራት ገንዘብ ይላክ ተብሎ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ ነው።

ከሪያድ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በዋዲ ሐኒፋ ዳርቻ፣ ማለትም ዝናብ ሲጥል ጎርፍ በሚወርድበት ደረቅ ሸለቆ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1727 ጀምሮ የመጀመሪያው የሳዑዲ መንግሥት መናገሻ የነበረችውና በ1818 በኢብራሂም ፓሻ ጦር የፈራረሰችው ድርዒያ ትገኛለች። አጡረይፍ የተባለው የጭቃ ሰፈሯ በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ቡጀይሪ ቴራስ የተባለው የምግብ ቤቶች መንደር ደግሞ በ2022 መጨረሻ ከፊት ለፊቱ ተከፍቷል። የነዳጅ ገንዘብ ሲመጣ አያቶች ከጭቃ ቤት ወደ ሲሚንቶ ቤት ተሻገሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በጭቃ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ሥጋ ለመብላት ዛሬ ወንበር አስቀድመው ያስይዛሉ።

በዚህ አገር አሮጌ የእርሻ ቤት ወደ ሥጋ ምግብ ቤት ሲለወጥ፣ በፀሐይ የደረቀው ጡብ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ አባባ በየበጋው በደቦ የሚያሠሩት ይኸው ሥራ እዚህ መሐንዲስ ከነንድፉ ይመጣለታል። አየር እንዲዘዋወር በግድግዳው ላይ ባለሦስት ማዕዘን ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ ሆኖም ደንበኛው ለቅርስ ያለው አክብሮት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለማይዘልቅ ሙከይፍ፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣ፣ ከጀርባ ተደብቆ ይገጠማል።

ከምግቡ ዋነኛው መንዲ ነው፤ ይህም ከየመን ሐድረሞት የመጣ አሠራር ሲሆን፣ በጉ ፍም በተከመረበት ጉድጓድ ውስጥ ተከድኖ፣ ስቡ ከሥሩ ባለው ሩዝ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ እስኪለቅ ይበስላል። በመሆኑም ቁርጥ በአዋዜ የለመደ ሐበሻ ቢላዋውን ሥራ ፈት ያደርጋል፤ ጥሬ ሥጋ ቢጠይቅ ደግሞ አስተናጋጁ ምግቡ የዘገየ መስሎት ይቅርታ ይጠይቀዋል።

ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው የአባባ ቤት ግድግዳው የተመረገ፣ ጭሱ የበሰለ፣ ፍየሎቹም ከወዲሁ እልፍኝ የገቡ በመሆናቸው፣ ምግብ ቤት ለመባል የሚቀረው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ነው። የብሎኬቱ ገንዘብ በዚህ ወር ያልተላከውም ለቅርስ ጥበቃ ሲባል እንጂ፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ስለደረሰ እንዳልሆነ ላኪው በአክብሮት ያስረዳል።