ሰባት ቤት የተቆጠረላት ድመት

ካምፓላ፣ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ በተከራየነው ቤት ውስጥ ማን እንደሚከበር ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ለስላሳው ወንበር የድመቷ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት የድመቷ ነው። ከገበያ የሚመጣው ሙኬኔ፣ ያ ደቃቁ የሐይቅ ዓሣ፣ እሱም የድመቷ ነው። እሺ ይሁን ብዬ ችዬ ነበር። አሁን ደግሞ የዘር መዝገብ ወጣላት!

የልጅ ልጄ ስክራፕቡክ የምትለው ነገር አላት። በእኛ ጊዜ አልበም ነበር። ፎቶው በማዕዘኑ ተይዞ ይቀመጣል፣ ከጀርባው ቀንና ቦታ ይጻፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ይገለጣል። ይኼኛው ግን መቁረጥና መለጠፍ ብቻ ነው፤ ባለቀለም ወረቀት፣ ሙጫ፣ ጥርሳም መቀስ፣ ደግሞም እንጀራዬ ላይ ሳይቀር የማገኘው የሚያብረቀርቅ ብናኝ። ለራሷ ብትሠራው ደግ ነበር። የምትሠራው የድመቷን የቤተሰብ ታሪክ ነው! ካባላጋላ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ከባዶ ጀሪካን መሀል ለተገኘች ድመት። ስሟንም «እቴጌ» አለቻት። ጣይቱ ይህን ሳይሰሙ መሞታቸው በጀ።

መጀመሪያው ገጽ ላይ ቅድመ አያት ተብሎ አንበሳ ተቀምጧል። ከየት መጣ? ለማስታወሻ ያኖርኳት የ1969 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ያቺ የአንበሳ ራስ ያለባት፣ በሙጫ ተለጥፋ አገኘኋት። ከጎኗ ደግሞ ከአሮጌ ቦርሳዬ የተመዘዘ የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት አለ።

«ይኼስ?» ስላት፣

«አጎቷ ሹፌር ነበር፣ አያዬ» አለችኝ፤ ሳትስቅ።

የባሰው የመቅደላው ገጽ ነው። የድመቷ አያት አጼ ቴዎድሮስ እግር ሥር ተኝታ በእርሳስ ተስላለች። ይህን ውሸት ራሷ ፈጥራው ቢሆን በተቆጣኋት ነበር። ግን እንግሊዞች ቀድመዋታል። አጼው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጥተው ከወደቁ በኋላ የናፒየር ጦር መቅደላን ዘርፎ፣ ብራናውንና ጽላቱን፣ ዘውዱን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወረደ። ከዚያ በ1871 እ.ኤ.አ. ለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገ የድመት ትርኢት፣ ከዚያ ጦርነት የተማረከች የተባለች ድመት ሦስተኛ ወጣች። በ1874 ደግሞ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም ስለ ድመት ባሳተመው መጽሐፍ ዙላ የምትባል ድመት ከአቢሲኒያ መጣች ተብሎ ሥዕሏ ወጣ። ዙላ ማለት ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ሙሉ የድመት ዝርያ «አቢሲኒያን» እየተባለ በውድ ይሸጣል።

የዘር ጥናት ያደረጉት ሰዎች ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ዝርያው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚያደላው። ሆላንድ ሌይደን ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ ጦርነት ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ የገባ፣ ቆዳው የተሞላ ድመት አለ፤ ይህንኑ ዝርያ የሚመስል። ምልክቱ አገሩን ሕንድ ይላል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ድመት በስማችን ይከብራል፤ በሰባት ዓመቱ ከዚያው መቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ግን በ1879 እ.ኤ.አ. ሞቶ ዊንዘር እንደተቀበረ ነው። አጽሙን መልሱልን ሲባል በ2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ «እሱንም ልለጥፈው?» አለች። ምን ይባላል!

ጎረቤታችን ሙጋንዳዋ ደግሞ ነገሩን አባባሰችው። እነሱ ዘንድ ሰው በጎሣው ነው የሚታወቀው፤ የጎሣው ምልክት የሆነውን እንስሳ አይበላም፣ ከጎሣው አያገባም። የፉምቤ ጎሣ ምልክት ጥሪኝ ነው። ሴትዮዋ ድመቷን አይታ «ፉምቤ ትሆናለች» ብላ ፈረደች፤ ጥሪኝም በገጽ አምስት ተጨመረ። ጥሪኝ ድመት አይደለም ብዬ ጮኽኩ። አባቶቻችን በቀፎ አስረው ዝባዱን እየፋቁ፣ በቀንድ እያሸጉ ለሽቶ ሠሪ የሚሸጡለት አውሬ ነው አልኩ። «የሩቅ ዘመድ ናት፤ ሀብታሟ» ተባልኩ።

የእውነቱማ አጭር ነው። የቤት ድመት ሁሉ የዱር ድመት ልጅ ነው። ቆጵሮስ ላይ ከሰው ጎን የተቀበረ የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝቷል፤ ያኔውኑ ቦታ ይዘው ነበር ማለት ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው ያደግነው። «እስቲ የራስሽን ቁጠሪ» አልኳት። አባቷን አለች፣ እኔን አለች፣ ቆመች። ከእኔ በፊት ዓለም ያልተፈጠረች ይመስል! ለድመቷ ግን ሰባቱም ተሞልቷል፤ ያውም ሥራና ማዕረግ ተሰጥቷቸው። የእኔ አባት ዳኛ ነበሩ፤ አልተለጠፉም። የድመቷ አጎት አውቶቡስ ነድቷል።

ትናንት መጥታ ፎቶህን ስጠኝ አለችኝ። ለምን ስላት፣ መጨረሻው ገጽ ላይ «የእቴጌ ቤት አሽከሮች» የሚል ቦታ አለ። አልሰጥም ብያለሁ። የግድ ከሆነ በሱፍ ልብስ የተነሣሁትን እሰጣለሁ፤ የምለጠፈውም ከጥሪኙ በላይ ነው፣ ሳንቲሜም ይመለስልኛል።