ደረሰኝ የሌለው ድምፅ

ዕቃ ጠፍቶበት መርካቶ ያልወጣ አዲስ አበቤ የለም። ፋብሪካው የተዘጋ ራዲዮ ቁልፍ፣ ሞዴሉ የተረሳ መኪና የበር እጀታ፣ የሴት አያት የሥጋ መፍጫ ምላጭ፤ ሌላው ገበያ «ይሄማ ድሮ ቀረ» ብሎ የሚያሰናብተውን መርካቶ «ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ» ይልና ልጅ ልኮ ያስመጣል። እኔም ባለፈው ክረምት የጠፋኝ ነገር ስለነበር ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። የጠፋኝ የከተማው ምክር ቤት ተመራጬ ነው።

በቀጥታ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ቁራሌው ከየሰፈሩ በማዳበሪያ ተሸክሞ የሚያመጣው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ስለሆነ፣ ከተማዋ ጥላው የረሳችው ነገር ካለ እዚያ አይታጣም ብዬ ነው። አንድ ጎልማሳ የዘይት በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ የከሰል ምድጃ ይቀጠቅጣል። መዶሻውን ሳያሳርፍ፣

«ምን ልስጥህ ወንድሜ?» አለኝ።

«የምክር ቤት ተመራጭ።»

«ያገለገለ ነው ያላገለገለ?»

«ያላገለገለ።»

መዶሻው ቆመ። «ያላገለገለ ዕቃ ምናለሽ ተራ ምን ይሠራል?» አለኝ። ልክ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ የሚሸጠው ቢያንስ አንዴ ለሰው የጠቀመ ነገር ነው።

የተመራጬን ስም ያልጠራሁት ለክብራቸው ተጠንቅቄ እንዳይመስላችሁ። ስማቸውን አላውቀውም። ሠላሳ ዓመት በርበሬ የነገዱ ጎረቤት አሉኝ፤ የማረቆን በርበሬ ከአላባው ዓይናቸውን ጨፍነው በማሽተት ይለያሉ። «እትዬ፣ ለመሆኑ ምክር ቤት ያስገባነው ሰው ማን ነበር?» ብላቸው ትክ ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ቤትህን ሊያፈርሱት ነው እንዴ?» ብለው አዘኑልኝ። ለሳቸው ተመራጭ ማለት እንደ ነፍስ አባት ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋ ሰዓት ስትደርስ ነው።

በእርግጥ የማናውቃቸው በእኛ ስንፍና ብቻ አይደለም። ሒሳቡም አያግዝም። አዲስ አበባ 138 የምክር ቤት ወንበርና 23 የምርጫ ክልል አላት፤ አካፍሉት፣ ለአንድ ክልል ስድስት ሰው ይደርሳል። ናይሮቢን ብናይ 85 ዋርድ አላት፤ ለእያንዳንዱ ዋርድ አንድ ተመራጭ ነው። የጊኮምባ ሰልባጅ ነጋዴ ቦይ ሞልቶ ቆሻሻው ሱቁ ሲገባበት የሚሰድበውን ሰው በስም ያውቃል፤ ይህ ራሱን የቻለ የመሠረተ ልማት አገልግሎት ነው። እኔ ግን ስድስት አሉኝ። ስድስት ሰው የተሸከመው ፒያኖ ሲወድቅ ማን እንደለቀቀው አይታወቅም። እንደራሴ የሚለው ቃል «እንደ ራሴ» ማለት መሆኑን ተምሬአለሁ፤ የኔዎቹ እንደራሳቸው ናቸው።

የሕይወት ታሪካቸውን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። በምርጫ ሰሞን በሱቁ በር ሥር የሚሾልከውን በራሪ ወረቀት ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። እጩው ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በአካባቢው ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በሊደርሺፕ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፤ በተለያዩ የመንግሥት ተቋማት በተለያዩ የኃላፊነት ደረጃዎች አገለገሉ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ናቸው። ስንቱን እጩ እንዲህ አድርጎ የወለደው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው እንጂ፣ ልጆቹ እንኳ ሁሌም ሁለት ናቸው። «የተለያዩ» የምትለዋን ቃል ግን እወዳታለሁ። ሥራውም ደረጃውም ተቋሙም በአንዲት ቃል ተጠቅልሎ አንዱም ሳይታይ ያልፋል፤ የመርካቶ ካልሲ ሻጭ እንኳ እንዲህ አይጠቀልልም። በወረቀቱ ላይ የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ መርካቶ ውስጥ ዕቃ ሸጠው፣ ዱቤ ተክደው፣ ጭነት ጠፍቶባቸው ወይም ሱቃቸው ሲዘጋ ታዛው ሥር ዝናብ መትቷቸው እንደሆነ።

የቅስቀሳውን ነገር ማሳነስ አይገባም፤ በአምስት ዓመት አንዴ የሚመጣ ደስታ ነው። ሞንታርቦ የጫነች ፒክአፕ ከአውቶቡስ ተራ በኩል ትገባና ሲኒማ ራስ ጋ ስትደርስ በሰው ብዛት ትቆማለች። ቃል መግባት የሚጀመረው ያኔ ነው፤ መንገድ ዘግታ መንገድ ይሰፋል ትላለች። ከፒክአፗ ቲሸርትና ኮፍያ ይበተናል። ይህን ቲሸርት ያቃለለ ሰው መርካቶን አያውቅም። ሁለት ኩንታል ጀርባው ላይ አዝሎ ሰው እየገፈተረ የሚያልፍ ወዛደር አለ፤ ደረቱ ላይ የታተመችው ንብ ግማሽ ክንፏ ብቻ ቀርቷል። ኢሕአዴግ በብልጽግና ተተካ፣ ምልክቱ ከንብ ወደ አምፖል ተዛወረ፣ ንቧ ግን እዚያው ልብስ ላይ እስከ ዛሬ ጭነት ታወጣለች። ከዚያ ሁሉ ቅስቀሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራ እሷን ብቻ አየሁ።

የመርካቶ ሰው ቁጥር ይወዳልና ጥቂት እንቁጠር። ግንቦት 1997 ከ138ቱ ወንበር 137ቱን ሁለት ጣት ያወጣው ቅንጅት ወሰደ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ እስር ቤት ገቡ፤ ከተማዋም ለባላደራ አስተዳደር ተሰጠች። ሚያዝያ 2000 እንደገና መረጠች። ያው 138 ወንበር፣ ያው 137፤ ይህኛው ግን የንቧ ሆነ። በሦስት ዓመት ልቧ እንዲያ የተገለበጠ ከተማ ቁጥሯ ንቅንቅ አለማለቱ የሚያስመሰግን ጽናት ነው። በ2005፣ 33 ፓርቲዎች አንወዳደርም ብለው ወጡና የዚያች የአንዷ ወንበር ብቸኝነት ያሳዘነው መራጭ 138ቱንም ለኢሕአዴግ ሰጠ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ደግሞ 138ቱም እንዳሉ ወደ ብልጽግና ገቡ። አዲስ አበባ ተመራጭ በችርቻሮ አትገዛም። በጅምላ ነው፤ ካርቶኑ ሳይከፈት።

ጅምላ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። የ2005ቱ ጭነት የአምስት ዓመት ዋስትና ይዞ የገባ ቢሆንም፣ ጊዜው በ2010 ሲያልቅ ምርጫው ተራዘመ፤ በ2011 ተራዘመ፤ በ2012 ኮቪድ መጣ። ስምንት ዓመት ሞላው። በመሀሉ፣ በ2010፣ ለምክትል ከንቲባነት ከ138ቱ ውጪ ሰው ሲፈለግ የከተማዋ ቻርተር ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጪ መሾም ተቻለ። 138 ሰው መርጠን መጋዘን ካስገባን በኋላ ለመደርደሪያው ከሌላ ሱቅ ማስመጣት የተለመደ አይደለም፤ ግን ማንም ከ138ቱ አልተቀየመም። ይህን ትሕትና በመርካቶ ደላላ ዘንድ አታገኙትም። የእሱን ድርሻ ብትዘልለው መንገድ ላይ ኮሌታህን ይይዛል።

እዚህ ላይ ስለ እቁብ ሳላነሳ ባልፍ መርካቶ ይታዘበኛል። በዚህ ሰፈር የአንድ ሳምንት እቁብ የደረሰው ሰው ብሩን በእጁ ከመንካቱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱም ዝም ብሎ ዋስ አይደለም፤ ሱቅ ያለው፣ የሚታወቅ፣ ነገ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚገኝ መሆን አለበት። ጸሐፊው ይጽፋል፣ ዳኛው ያያል፣ የወሰደው ሰው አንድ ሳምንት ቢዘል ሁለቱም ዋሱ ደጃፍ ላይ ናቸው። ጭቅጭቅ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ «በቀጣይ በትኩረት እንሠራለን» የለም። እንግዲህ ለሃምሳ ሺህ ብር ዋስ የሚጠራ ሕዝብ፣ ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ የነበረውን የ2017 የከተማ በጀት ለሚያጸድቅ ሰው አንድ ዋስ አልጠየቀም። ጸሐፊም አልነበረም። ጣታችን ላይ ቀለም አስነካንና ሄድን፤ ቀለሙ በሳምንቱ ለቀቀ።

የደረሰኙ ነገር የመጣው በዚሁ በ2017 ነው። ኅዳር ላይ ተቆጣጣሪዎች መርካቶ ገቡ፤ ያለ ደረሰኝ የሸጠ 100 ሺህ ብር ይቀጣል ተባለ። «ዕቃ ሊወረስ ነው» የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ የገቢዎች ቢሮ አስተባበለ፤ ሱቆች ግን ተዘግተው የዋሉበት ቀን ነበር። የቸርቻሪው ክርክር ቀላል ነው፤ «አስመጪውና ጅምላ አከፋፋዩ ለኔ ደረሰኝ ካልሰጠኝ እኔ ለማን ልስጥ?» ይላል። በዚያን ሰሞን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ይህን ስሰማ፣ ተመራጬን ያለ በቂ ምክንያት ሳማቸው እንደኖርኩ ገባኝ። እሳቸውም ቸርቻሪ ናቸው! ዕቃው የጅምላ አከፋፋዩ ነው፤ በራሪ ወረቀቱ የሱ፣ ሞንታርቦው የሱ፣ ወንበሩም የሱ ነው። ከላይ ያልተሰጣቸውን ደረሰኝ ለኔ ከየት ያምጡ?

ስለዚህ ለክቡር ምክር ቤቱ አንድ ትንሽ የሕግ ሐሳብ አለኝ። ያለ ደረሰኝ የተወሰደ ድምፅም 100 ሺህ ይቀጣ። ደረሰኙ ረጅም አይሁን፤ ቀን፣ የተቀባይ ስም፣ የተገባ ቃል በዝርዝር፣ የማስረከቢያ ጊዜ። መራጩ ኮፒዋን እንደ ንግድ ፈቃድ ሱቁ ግድግዳ ላይ ይሰቅላታል። ተቆጣጣሪ እንደሁ ሰፈሩን ለምዶታል፣ አዲስ መቅጠር አያስፈልግም። ግን ማን ያቀርበዋል? ተመራጬን ማግኘት አለብኝ፤ እንደምታዩት ፍለጋ ላይ ነኝ።

መርካቶን መርካቶ ያሰኘው ጣሊያን መሆኑ ይታወቃል። በወረራው ዘመን ፒያሳን ለነጮቹ ሊያደርግ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ አንስቶ ወደ ምዕራብ ገፋውና የአገሬው ሰው ገበያ ብሎ ተከለው። ነጋዴውን አላማከረም። ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ «መርጣችሁኝ ነው» አላለም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ሲነድ የዚህ ገበያ የዱሮ ጠባብ መንገድ ዋጋ አስከፈለ። ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያ መጥበቡ በራሳቸው በባለሥልጣናቱ ተነግሯል። ሰው ከነበልባሉ ሥር ጥቅል ጨርቅ እየጎተተ መንገዱ ላይ ሲጥል፣ ሌላው ያንኑ ጥቅል እየዘለለ ውኃ ሲያመላልስ አየሁ፤ አንድ ሽማግሌ አንዲት ነገር ብቻ ይዘው ወጥተዋል፤ የዱቤ መዝገባቸውን። ዕቃው ይቃጠል፤ ማን ምን እንዳለበት የተጻፈበት እንዳይቃጠል። ተመራጮቻችን መንገድ ለማስፋት ስንት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው እንደሆነ በደቂቃ የሚነግረኝ መዝገብ ቢኖር፣ ያንን መዝገብ ከእሳት የሚያወጣ ሰው ይገኝ ነበር? በዚህስ አልፈርድባቸውም። የእሳት አደጋ መኪና የተቸገረበት መንገድ የተመራጭ መኪና በምን ይገባል?

ወደ ፍለጋዬ ልመለስ። ሸማ ተራ «አለፉ ሲባል ሰማን» አሉኝ። ቦምብ ተራ ሳቁብኝ። ዱባይ ተራ «ኦርጅናሉ የለም፣ የቻይናው ይሁንልህ?» አሉኝ። ዝናቡ ሲጠና ሸራ ተራ ገብቼ ተጠለልኩ፤ ያገኘኋቸውም እዚያ ነው።

አንድ ልጅ የድንች ማዳበሪያዎቹን በትልቅ የቅስቀሳ ባነር ሸፍኗል። በአንዱ ጥግ ግማሽ ፊት ይታያል፤ አንድ ዓይን፣ ክራቫት፣ ከፈገግታውም አጋማሹ። ከሥሩ «ድምፅዎን ለ» ይልና ቀሪው ታጥፏል። ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ዝናቡ ግንባራቸው ላይ ያርፍና በአገጫቸው በኩል ይወርዳል፤ ድንቹ ደረቅ ነው።

«ትሸጠዋለህ?» አልኩት።

«በሜትር ነው። ጥራቱን እየው፤ ምንም ነገር አያሳልፍም።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አልኩ። «ሁለት ሜትር ቁረጥልኝ።»

«ፊቱ ያለበትን ነው የሌለበትን? ፊቱ ያለበት ርካሽ ነው።»

ፊቱ ያለበትን አልኩ። ዙሪያውን አየት አየት አድርጎ በመቀስ ከትከሻቸው ላይ ቆረጠልኝ፣ ጠቀለለ፣ በሲባጎ አሰረ። ብሩን ከሰጠሁት በኋላ ነው የደረሰኙ ነገር ትዝ ያለኝ።

«ደረሰኝ አለህ?»

ተቆጣጣሪ መሆኔን ሊለይ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ሳቅ አለና ብብቴ ሥር ወደ ያዝኩት ጥቅል በአገጩ ጠቆመኝ።

«እሳቸውን ጠይቃቸው።»