የካሴት ሽፋን አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የጎባም የሮቤም ሰዎች፣ ከዲንሾ ብርዱን ችላችሁ የመጣችሁም፤ ቀብሩ ስለዘገየ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሟች ካረፈ ቆይቷል፤ የጠፋው መርዶ ነጋሪ ነው።

ሟች ሽፋን፣ ከአባቱ ከአቶ ካሴት ፊሊፕስና ከእናቱ ከወይዘሮ ማተሚያ ቤት ተወለደ። አባቱ በ1963 እ.ኤ.አ. በርሊን ኤግዚቢሽን ላይ ለዓለም ታይቶ፣ አገራችን ገብቶ የሸክላን ወንበር የወረሰው በደርግ ዘመን ነው። ልጁም በእነ አምባሰልና በእነ ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤት ተኮትኩቶ አደገ፤ ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ባሌ ተመደበ። ዝውውርም ጠይቆ አያውቅም።

ቁመቱ ከመዳፍ አይበልጥም። ከፕላስቲክ ቤቱ ወጥቶ ሲዘረጋ ግን የሙዚቃ መጽሔት ነበር፤ እኛ ዘንድ የደረሰ ሌላ የሙዚቃ መጽሔት አላውቅም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ቀን ቆጥሮም ቢሆን ይመጣ ነበር፤ ስለ ቤዝ ጊታር ግን ምን ብሎ ይጻፍ? ከሽፋኑ ፊት ላይ ዘፋኙ የተዋሰውን ኮት ለብሶ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያያችኋል። እሱን ተዉት። ቁም ነገሩ ጀርባው ላይ ነው፤ በጉንዳን ፊደል ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ፣ ስቱዲዮው፣ አሳታሚው፣ ስልኩ። በእኛ በባሌ ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ አንዳንዱ በኦሮምኛ ቁቤ ተጽፎ ይመጣ ስለነበር ሟች ሁለት ፊደል ያስቆጠረ አስተማሪ ነበር። ከሁሉ በታች «ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል» የሚል መስመር አለ። እሱን ማንም አላነበበም፤ ካሴቱ በዚያው ሰዓት ከሙዚቃ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ በሁለት ቴፕ እየተባዛ ነበርና። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲታወጅ ሟች አልጋ ይዞ ነበር።

መደነስ የሚወድ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው «ቅንብር» የሚለው ላይ ነው። ዘፋኙ ያስለቅስ ይሆናል፤ ወገብ የሚያስፈታው ግን ቤዙና ድራም ማሽኑ ነው። ኤልያስ መልካ የሚባል ሰው መኖሩን ያወቅነው «አቡጊዳ» የተባለው ካሴት ሽፋን ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማናውቀውን ዘፋኝ ካሴት ገልብጠን ያንን ስም ካገኘን ያለ ክርክር ገንዘብ አወጣን። ከዚህ የተሻለ ሐያሲ ካለ ንገሩኝ።

ስለ ሟች ደግነት አንድ ምስክር ብቻ ልጥራ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን የቀረጸው ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀምጦ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ገዛው፣ ስሙን ይዞ ፈለገው፣ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ አገኘው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራው እንደ አዲስ ታተመ፤ ሰውየውም የዓለም መድረኮች ላይ ወጣ። ካሴቱ ላይ ስም ባይጻፍ ማንን ብሎ ይፈልግ ነበር?

ወደ አሟሟቱ ስንመጣ፣ ገዳዩ ፍላሽ ነው። «ሚሞሪ ሙላልኝ» የሚል ደንበኛ ሮቤ ላይ ሲበዛ፣ ዘፈኑ «ትራክ 07» ተብሎ ይገባ ጀመር። ግጥም የማን፣ ቅንብር የማን? የሚታወቅ ስም ቢኖር የዲጄው ብቻ ነው፤ በየደቂቃው ዘፈኑ መሐል ገብቶ የራሱን ስም ይጮኻል። ሙዚቀኛው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ከናይት ክለብ ወጥቶ ባጃጅ ተሳፈረ። ሥራውን ያቀናበረው ሮፍናን ራሱ ነው፤ የባጃጁ ተሳፋሪ ይህን ከምን ላይ ያንብብ?

ከውጭ የመጡ ለቀስተኞችም አሉን፤ የለንደኖቹ የዳንስ ሙዚቃ መጽሔቶች ሬዚደንት አድቫይዘርና ሚክስማግ እዚህ ተቀምጠዋል። እናመሰግናለን። ሚክስማግ ራሱ ሐዘንተኛ ነው፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታተም ኖሮ ኮሮና ሲመጣ ወረቀቱን አቋርጦ ነበር። ነገር ግን ሐዘናችን ከእነሱ ይለያል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪው ሚካኤል ሰይፉ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሠራውን «የአራዳ ልጅ» በ2014 እ.ኤ.አ. በሸክላ ያሳተመለት 1432 አር የሚባል የዋሽንግተን አሳታሚ ነው፤ ሌላውን ሥራውን «ዘላለም»ን በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኒውዮርክ ድርጅት ነው፤ ትችቱን የጻፉት ፈረንጆች ናቸው። ስለዚህ የሮቤ ልጅ የአዲስ አበባን ድብቅ ዳንስ ሙዚቃ ለማወቅ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ዳታ፣ በለንደን በኩል ዞሮ ይመጣል። በሻሸመኔ በኩል ይቀርበው ነበር።

ሟች ልጆች ትቷል። የበኩር ልጁ የሲዲ ሽፋን አባቱን ተከትሏል። ሁለተኛው የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ዘፈን ሲለጥፍ የአቀናባሪውን ስም ፍቆ የራሱን ይጽፋል፤ ዛሬም ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከሁሉ በላይ እያለቀሰ ነው። ሦስተኛው ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር የጀመረው አውታር የሚባል የሙዚቃ መተግበሪያ ነበር፤ ወዲያው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ኤልያስም አረፈ። የዚያን ሰው ሞት በፌዝ አላነሳም።

ነፍስ ይማር የምትሉም፣ አላህ ይርሐመው የምትሉም፣ ንፍሮው ሳይቀርብ አንድ ማስታወቂያ አለ። አልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ ወይም የተበላሸ ቴፕ ላይ የሟች አካል የቀረላችሁ ካላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለዕድሩ ጸሐፊ ላኩ። ጀርባውን ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ኮቱን አይተነዋል።